ንብ መሳይ ዝንብና የሰው ፍርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በዚህ ወር ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለ አንዲት ትንሽ ፍጥረት ነው። ትንሽነቷም በሁለት ወገን ነው፤ በአካሏ ትንሽ ናት፣ ስሟም በሰው ዘንድ የተናቀ ነው፤ ዝንብ ናትና። ነገር ግን በየቤታችን የምትዞረው ዝንብ አይደለችም። የንብን መልክ ለብሳ፣ ንብ ከምትቀስመው አበባ ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ንብ እየጮኸች የምትኖር፣ ያላወቃት ሰው ንብ ናት ብሎ እጁን የሚሰበስብላት ዝንብ ናት። እኔ ይህችን ዝንብ ከሃያ ዓመት በፊት በዐውደ ምሕረት ቆሜ ከስሻታለሁ፤ ክሱም የሐሰት ክስ ነበረ። ዝንቢቱስ አትሰማም፤ በእርሷ አመካኝቼ የነካሁት ሰው ግን ሰምቷል። ስለዚህ የዛሬው ጽሕፈቴ ግማሹ ትምህርት ግማሹ ንስሓ እንደ ሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ስደት እያሰበች በማኅሌት እንደምታሳልፈው ታውቃላችሁ። በዚያ ወራት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ አበባ በአበባ ይሆናል፤ በአበባውም ላይ ንቡ ሲመላለስ ይውላል። እኔም ለሰንበት ስብከት ምሳሌ ስፈልግ ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ወዳለው አደይ አበባ ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣ ንብ ናት ያልኋት አንዲቱ ሁለት ክንፍ ብቻ ያላት ሆና አገኘኋት። በደንብ ባያት ዝንብ ናት። እጅግ ደስ አለኝ። ሰባኪ ምሳሌ ሲያገኝ እንዴት ደስ እንደሚለው፣ ደስታውም እንዴት እንደሚያስቸኵለው፣ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼ ታውቁታላችሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተጠግቶ ነበረ። ደበሎ ለብሷል፣ አኮፋዳ አንግቷል፣ ተማሪ ነኝ ይላል። ነገር ግን ዕድሜው ከተማሪነት ያለፈ ነው። ቅኔ ቢጠይቁት ዝም ይላል፤ ዳዊት ሲደግም ያየው የለም። የጽጌ ዝክር በየሰንበቱ በተራ ይደገስ ስለ ነበረ፣ ሰዎቹ፦ “ይህ ለእንጀራ ብሎ ደበሎ የለበሰ ነው” እያሉ ያሙት ጀመር። ሐሜቱም ከእኔ ዘንድ ደረሰ። እኔም ሐሜቱን ከዝንቢቱ ጋር አጋጥሜ ስብከት አደረግሁት።

የሰበክሁት ባጭሩ እንዲህ ነበረ። ንብ የትጉሃን መምህራንና ደቀ መዛሙርት ምሳሌ ናት፤ ከብዙ አበባ ቀስማ ማርና ሰም ትሰጣለች፤ ማሯ ለበሽተኛ መድኀኒት ይሆናል፣ ሰሟ ጧፍ ሆኖ በመቅደስ ይበራል። በንቦች መካከል ግን ልብሳቸውን ሰርቃ የምትኖር ዝንብ አለች፤ ማር የላት፣ ሰም የላት፤ ንብ መስላ ወደ ቀፎ እየገባች የሌላውን ድካም ትበላለች። ከዚህ በኋላ ጌታችን በወንጌል የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ተኵላዎች የተናገረውን አነሣሁ። ደበሎም ለምድ ነውና ነገሩ በጆሮ ሁሉ ገጠመ። የሰውዬውን ስም አልጠራሁም። ዐይኔ ግን ወደ ደጀ ሰላሙ ጥግ ሄዶ ነበረ፤ የሕዝቡም ዐይን ዐይኔን ተከትሎ ሄደ። በማግሥቱ ጥዋት በዚያ ጥግ ማንም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከቤቴ መጡ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ንብ ሲያነቡ የኖሩ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ የሚሆነውን ሰም በየዓመቱ የሚያመጡ ሰው ናቸው። መስቀል ተሳልመው ከተቀመጡ በኋላ፦

“አባታችን፣ ይፍቱኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያቺን ዝንብ ቀፎ ስትገባ አይተዋታል?” አሉኝ።

“አላየሁም” አልኋቸው።

“እኔም አላየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከቀፎ አፍ አልተለየሁም። ከአበባ ላይ አውቃታለሁ፤ ከቀፎ አፍ ግን አይቻት አላውቅም። የቀፎ ሌባ ሌላ ነው፤ ጉንዳን አለ፣ ሰም የሚበላ ትል አለ፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሰው አለ። ያቺ የማንንም አትነካም” አሉ።

እኔም ነገሩን ለማቅለል ብዬ፣ ምሳሌ ምሳሌ ነው፣ ፍሬ ነገሩ ስለ ግብዞች ነው ብዬ መለስሁ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፦ “ባለቤቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን ውኃ የቀዳላት ያ ሰው ነበረ። ማንም አላዘዘውም። ለሌሎችም አሮጊቶች ይቀዳ ነበረ። ደበሎውን ስለ ምን እንደ ለበሰ እኔም ጠይቄው ነበረ። ደበሎ የለበሰ ሰው ከደጅ ሲቆም ውሻው ቢነሣበት ባለቤቱ ወጥቶ ይይዝለታል፤ እንዲያው ለሚመጣ ለማኝ ግን ማንም አይወጣለትም አለኝ” አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ የዚህችን ዝንብ ነገር የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ከጻፉት እያፈላለግሁ ማንበብ ጀመርሁ። ያነበብሁትንም ከዚህ በታች እነግራችኋለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የምትታወቅበትን ምልክት ልንገራችሁ። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ዝንብ ሁለት ብቻ አላት። በቀሩት ሁለት ክንፎች ፈንታ ራሳቸው ድቡልቡል የሆኑ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አሏት፤ ስትበር ሚዛኗን የምትጠብቀው በእነርሱ ነው። የንብ የራስ ቀንድ ረዘም ያለና እንደ ክርን የታጠፈ ሲሆን፣ የዝንቢቱ አጭር ነው። ዐይኗም ትልቅ ከመሆኑ የተነሣ ራሷን ሊሸፍነው ጥቂት ይቀረዋል። የንብ የኋላ እግር የአበባ ብናኝ የምትሸከምበት ቅርጫት አለው፤ የዝንቢቱ ግን ባዶ ነው። በጅራቷም መንደፊያ የለም። ከሁሉ ይልቅ የምትታወቀው በበረራዋ ነው፤ በአየር መካከል በማይታይ ክር እንደ ተንጠለጠለች ሁሉ ቀጥ ብላ ትቆምና፣ በድንገት ተወርውራ ከሌላ ስፍራ ደግሞ ቀጥ ትላለች። ሊቃውንት ከዚህ ወገን እስከ ዛሬ 6,000 ያህል ዓይነት ቈጥረዋል። ሁሉም ንብ አይመስሉም፤ ተርብ የሚመስሉ አሉ፣ ምንም የማይመስሉም አሉ። ንብ ከሚመስሉት የታወቀችው ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር የምትገኘዋ፣ ድንጉላውን ንብ የምትመስለው ናት። ከዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ድንጉላው ንብ ራሱ መንደፊያ የለውም፤ ከአበባም ማር አይቀስምም። እኔ ዝንቢቱን የከሰስሁባቸው ሁለቱ ጕድለቶች በቀፎው ውስጥ ከተወለደው ከእውነተኛው ንብ ላይም አሉ፤ ይሁን እንጂ እርሱን ንብ አይደለህም ያለው የለም።

ታዲያ የንብን ልብስ ስለ ምን ለበሰች? ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ ከ1848 እስከ 1859 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ወንዝ አገር ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጦ ነፍሳትን ይሰበስብ ነበረ። በዚያም ወፎች ስለ መጥፎ ጣዕማቸው የሚሸሿቸው ቢራቢሮዎች እንዳሉ፣ ከእነርሱም ጋር ሌሎች ጣዕመ መልካም የሆኑ ቢራቢሮዎች ያንኑ መልክ ይዘው እንደሚበሩ ተመለከተ። በ1862 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍም የነገሩን ምክንያት እንዲህ ሲል አስረዳ። ወፍ አንድ ጊዜ የቀመሰውን መጥፎ ነገር መልኩን አይረሳም፤ ስለዚህ ያንን መልክ በጥቂቱ እንኳ የሚመስል ከመበላት ይድናል፣ ድኖም ይወልዳል፤ ከልጆቹም ይበልጥ የሚመስሉት ይድናሉ፤ እንዲህ እያለ በብዙ ትውልድ ምስሉ ይጠራል። የዝንቢቱም ነገር ከዚህ ወገን ነው። በንብ የተነደፈ ወፍ ቢጫና ጥቍር ወገብ ሲያይ ይመለሳል፤ እርሷም ትተርፋለች። ከወገኖቿ አንዳንዶቹ ተርብን የሚመስሉት፣ የራሳቸው ቀንድ አጭር ስለሆነ፣ የፊት እግራቸውን ከግንባራቸው ፊት ዘርግተው እንደ ረጅም ቀንድ ያወዛውዙታል! ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያውም የዚያ ሰው አኮፋዳ ትዝ አለኝ፤ ሳቄንም ተውሁት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ልብስ ንብን ለማታለል የተለበሰ አይደለም፤ ንብ አትፈራውም፣ አትፈልገውምም። ከንብ ቤት በእርሱ ምክንያት የጎደለ ማር የለም። ልብሱ የተለበሰው ከሚበላት ለመዳን ነው። መንደፊያ ያላት ንብ በመንደፊያዋ ትኖራለች፤ መንደፊያ የሌላት ግን መንደፊያ ያላትን በመምሰል ውላ ታድራለች። እኔ ተኵላ ብዬ የሰበክሁት ነገር በእውነቱ መከላከያ የሌለው ፍጥረት ጥላ ነበረ። ሽማግሌው ስለ ውሻው የነገሩኝን ቃል ያን ዕለት ሰምቼው ነበረ፤ ያስተዋልሁት ግን ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው። የእግዚአብሔርን ፍጥረት ሳያዩ ምሳሌ የሚያደርግ ሰባኪ፣ ምስክሩን ሳይጠይቅ የሚፈርድ ዳኛ ይመስላል።

የዝንቢቱ ልጅነት ደግሞ ሌላ ነው። ከላይ የጠቀስኋት፣ ድንጉላውን ንብ የምትመስለው፣ እንቍላሏን የምትጥለው በረጋና በሸተተ ውኃ ዳር ነው፤ ከከብት በረት በሚወርድ ፍሳሽ፣ በጉድፍ ጕድጓድ፣ የበሰበሰ ነገር ባለበት ኵሬ ሁሉ ትጥላለች። ከዚያ የሚፈለፈለው ትል በዚያው ጭቃ ውስጥ የረከሰውን እየበላ ያድጋል። በዚያ ውኃ ውስጥ የሚተነፈስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ፈጣሪ ለትሉ እንደ አይጥ ጅራት ያለ ቀጭን ቧንቧ ሰጥቶታል። ትሉ ከታች ሆኖ ቧንቧውን ወደ ላይ ይሰዳል፤ ቧንቧውም ከትሉ ቁመት ብዙ እጥፍ ሊረዝም ይችላል፤ ጫፉን ከውኃው ፊት ላይ አውጥቶ የላዩን አየር ይስባል። አካሉ ከጭቃ፣ እስትንፋሱ ከላይ ነው ማለት ነው። (ከዚህ ላይ ምሳሌ ለመሥራት እጄን በላኝ፤ ነገር ግን ስለ ምሳሌ ትምህርት ያገኘሁበት ጽሕፈት ነውና ለእናንተ ትቼዋለሁ።) ጊዜው ሲደርስ ትሉ ከውኃው ወጥቶ ደረቅ ስፍራ ፈልጎ ይሸፈናል፤ ከዚያም ባለ ክንፍ ሆኖ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ምግቡ የአበባ ወለላና የአበባ ብናኝ ብቻ ነው። ከአበባም ወደ አበባ ሲሄድ በሰውነቱ ላይ የተጣበቀውን ብናኝ ያደርሳል፤ አበባውም ፍሬ ያፈራል። ይህን ሥራ ያለ ቅርጫት ይሠራዋል።

ከዚህ የልጅነት ኑሮ የተነሣ በጥንት ዘመን አንድ ትልቅ ስሕተት ተወልዶ ነበረ። ንቦች ከሞተ በሬ ሥጋ ይፈጠራሉ ብለው ብዙ የጥንት ሰዎች ያምኑ ነበረ። ቨርጂል የተባለው የሮማ ባለ ቅኔ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ አራተኛ ክፍል፣ የሁለት ዓመት ወይፈን አራት መስኮት ባላት ጠባብ ቤት ታፍኖ ይገደል፣ ከጎኑም መልካም ሽታ ያለው ቅጠል ይነስነስ፣ ከጊዜ በኋላ ንብ ከዚያ ይወጣል ብሎ አሠራሩን ይዘረዝራል። ይህ እምነት ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። በ1668 ዓ.ም. ፍራንቼስኮ ሬዲ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም ሥጋን ከፍቶና ሸፍኖ በማስቀመጥ፣ ዝንብ ካልደረሰበት ሥጋ ትል እንደማይወጣ፣ የበሰበሰ ነገር ትልን እንደማይፈጥር አሳየ። ከእርሱ በኋላ በ1894 ዓ.ም. ካርል ሮበርት ኦስተን ሳከን፣ ለሩሲያ መንግሥት በኒው ዮርክ ቆንስል ጄኔራል ሆኖ ያገለገለው የዝንቦች ሊቅ፣ ስለዚሁ ነገር ሃይደልበርግ ላይ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከበሬው ሬሳ ይወጡ የነበሩት ንቦች ሳይሆኑ ይህችው ንብ መሳይ ዝንብ እንደ ሆነች አስረዳ። ስንት ወይፈን በከንቱ ታፍኖ እንደ ሞተ አስቡት! ሰዎቹ መልክ አዩ፤ ማር ግን አልጠየቁም። ከዚያች ጠባብ ቤት የወጣውን መንጋ በቀፎ አስገብተው አንድ ዓመት ቢጠብቁት ኖሮ ነገሩ በአንድ መከር በተፈታ ነበረ።

አንዳንድ ሰዎች መጽሐፈ መሳፍንት ስለ ሶምሶን የሚናገረውን፣ ከሞተው አንበሳ ውስጥ የተገኘውን ንብ፣ ከዚህ ስሕተት ጋር ሊቈጥሩት ይወዳሉ። እኔ አልቀበላቸውም። መጽሐፉ ንብ ብቻ አይልምና፤ ማርም አለ ይላል። ሶምሶን ማሩን በእጁ ወስዶ እየበላ ሄደ፤ ለአባቱና ለእናቱም ሰጣቸው፤ እነርሱም በሉ። ዝንብ ደግሞ ማር አትሠራም። ጊዜ አልፎት በደረቀ ሬሳ ውስጥ ንብ ቢሰፍር የሚያስደንቅ አይደለም፤ ንብ በዐለት ሥር፣ በግንድ ቀዳዳም ይሰፍራልና። እንግዲህ የቨርጂልን ወይፈንና የሶምሶንን አንበሳ የለያቸው ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ በሁለቱም ዘንድ ሬሳ አለ፣ በሁለቱም ዘንድ ንብ የሚመስል አለ፤ የለያቸው የተበላው ማር ነው።

ንብ የሚመስሉ ዝንቦች ሁሉ እንደዚህች የዋሃን ናቸው ብዬ ደግሞ ሌላ ስሕተት እንዳልጨምር ሁለት ልጨምርላችሁ። በአውሮፓ አገር ወፍራምና ጠጕራም የሆነ የንብ ዓይነት አለ። አንዲት ዝንብ የእርሱን ጠጕር እስከ ቀለሙ ድረስ መስላ ወደ ቤቱ ትገባና እንቍላሏን ትጥላለች። ይህን ያዩ ሰዎች በቀድሞ ዘመን ቤት ሰርሳሪ፣ ልጅ አራጅ ብለው ጠርጥረዋት ነበረ። ቀርበው በመረመሩ ጊዜ ግን ትሎቿ በአብዛኛው የሚበሉት ከቤቱ ወለል የወደቀውን ጥራጊና የሞቱትን እንደ ሆነ ተገኘ። የቤቱ ጠራጊ ሆና ተገኘች ማለት ነው። ሌላዋ ከሌላ የዝንብ ወገን የሆነች፣ እርሷም ጠጕራም ንብ የምትመስል ናት። ረጅም አፏን ወደ አበባ ሰድዳ ስትመጥ ላያት እጅግ ያማረች ናት። ይህች ግን በመሬት ጕድጓድ ቆፍራ ብቻዋን የምትኖረውን ንብ ቤት ፈልጋ፣ ከደጃፉ ላይ በአየር እንደ ቆመች እንቍላሏን ወደ ውስጥ ትወረውራለች፤ ከእንቍላሉም የሚወጣው ትል የንቢቱን ልጅ ይበላዋል። ሦስቱም ዝንቦች ንብ ይመስላሉ። አንዲቱ ከጉድፍ ወጥታ አበባን ታገለግላለች፣ አንዲቱ ቤት ትጠርጋለች፣ አንዲቱ ልጅ ትበላለች። ከአበባ ላይ በተቀመጡ ጊዜ ልብሳቸውን ብቻ አይቶ ማንኛዋ ማን እንደ ሆነች የሚነግረኝ ሰባኪ ካለ እግሩ ሥር ተቀምጬ እማራለሁ።

በአገራችን “ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም” ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ መግላሊት አይከፍትም። ባሕር ግን ይሻገራል። በ2019 ዓ.ም. በታተመ ጥናት እንደ ተጻፈው፣ ከዚሁ በአየር ላይ ቀጥ ከሚለው ወገን የሁለት ዓይነቶች ዝንብ ብቻ እስከ 4 ቢሊዮን የሚደርስ ቍጥር በየዓመቱ ወደ ደቡብ እንግሊዝ አገር ባሕር ተሻግሮ ይገባል፣ ይወጣል፤ ይህም በራዳር መሣሪያ ተለክቷል። ትሎቻቸውም ገበሬዎቻችን ክሽክሽ የሚሉትን፣ የአዝመራን ጭማቂ የሚመጠውን ተባይ ይበላሉ። የተናቀው ወገን የገበሬውን እርሻ ሲጠብቅለት ይኖራል፤ ገበሬውም አያውቀውም።

ወደ ስብከቴ ልመለስ። ያን ዕለት ስለ ንብ ስናገር ከመጽሐፈ ሲራክ ጠቅሼ ነበረ። ሲራክ ንብ ከሚበሩት ሁሉ ታናሽ ስትሆን ፍሬዋ ከጣፋጭ ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን እንደ ተናገረ የማያውቅ የለም፤ እኔም ከተማሪነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሽማግሌው በሄዱ ማግሥት መጽሐፉን ገልጬ ከፊቱ ያለውን ቃል አነበብሁ። ከንብ ነገር አስቀድሞ፣ ከዚያው ከምዕራፉ መጀመሪያ ላይ፣ ሰውን ስለ መልኩ ማማር አታመስግነው፣ ስለ መልኩም አትናቀው የሚል ምክር አለ። ሲራክ ንብን ያመጣት ለዚህ ምክር ምስክር አድርጎ ነው! እኔ ምስክሯን ጠርቼ ምክሩን ትቼው ነበረ፤ ይልቁንም የምክሩን ተቃራኒ በምስክሯ አጸናሁበት። የወንጌሉም እንደዚሁ ነው። ጌታችን ስለ ለምዱ ከተናገረ በኋላ በምን እንደምናውቃቸው አልደበቀንም፤ በፍሬያቸው ብሏልና። እኔ ግን ለምዱን በሰፊው ተርጕሜ ፍሬው ላይ ስደርስ ጊዜ አለቀ ብዬ ወረድሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃ በጫንቃው ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የነበረ ሰው ፍሬው ከመንደሩ ሁሉ እንስራ ውስጥ ነበረ፤ የቀመሰውን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይነገረኝ ነበረ።

ግብዝነት የለም፣ ተኵላም የለም እያልሁ እንዳይመስላችሁ። እንቍላሏን ከደጃፍ ሆና የምትወረውረውን ነግሬአችኋለሁ፤ በቤተ ክርስቲያንም ደጃፍ እንዲህ ያለ ሰው ቆሞ አይቻለሁ። ነገር ግን በዚህ ዕድሜዬ የተመለከትሁትን ልንገራችሁ፤ እርሱ ደበሎ አይለብስም። ያማረ ካባ ያለው፣ ንግግሩ የተስተካከለ፣ በበዓል ቀን ከፊት የሚቀመጥ ነው፤ ስለ እርሱም የሚያማ የለም፤ እኔም በስብከቴ ዐይኔን ወደ እርሱ ያነሣሁበት ቀን ጥቂት ነው። ሐሜት ሁልጊዜ ወደሚቀለው ይወርዳልና። ውሻም ቢሆን የሚጮኸው ደህና ልብስ በለበሰው ላይ አይደለም። ወንድሞቼ ካህናት ሆይ! ሕዝቡ፦ “እገሌ መሳይ ነው” እያለ ነገር ሲያመጣላችሁ፣ የመጣላችሁ የስብከት ርእስ ነው ወይስ ሰው ነው? አስቀድማችሁ ይህን ለዩ። ወደ ቀፎው ሲገባ ያየው ማን ነው? ምን ጎደለ? ማንስ ተነደፈ? ይህን የሚጠይቅ ንብ አናቢ በየደብሩ የለም።

በሦስተኛው ሰንበት በዚያው ዐውደ ምሕረት ቆሜ፣ ስለ ዝንቢቱ የተናገርሁት ስሕተት መሆኑን፣ ስለ ሰውዬውም ያሰብሁት በደል መሆኑን ለሕዝቡ ተናገርሁ። ሽማግሌው ከዓምዱ ሥር ቆመው ነበረ፤ ራሳቸውን ዝቅ ከማድረግ በቀር ምንም አላሉኝም። ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ላስፈልገው ወደ አጎራባች ደብሮች ሰው ላክሁ። መልእክተኛው፦ “ስሙን ማን ልበል?” አለኝ። ከእርሱ ጋር በአንድ ግቢ ያን ያህል ቀን ስንኖር ስሙን ጠይቄው አላውቅም ነበረ። “ደበሎ የለበሰ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው በል” አልሁት። ሄዶ በአራተኛው ቀን ብቻውን ተመለሰ።

ይህ መጽሔት በየአድባራቱና በየገዳማቱ እንደሚነበብ ዐውቃለሁ። ምናልባት ከእናንተ በአንዳችሁ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው፣ ምናልባትም አሁን የሸመገለ፣ ከደጀ ሰላም ጥግ ተጠግቶ ይኖር ይሆናል። ወይም በሕይወት የለም፤ በጸሎት እንዳስበው እንኳ ስሙን አላውቅምና ሳስበው “ያ ውኃ የቀዳው” እያልሁ ነው። በሕይወት ካለ ግን ስሙን ጠይቃችሁ ላኩልኝ፤ ለእርሱም፣ ያን ጊዜ የሰበከው ካህን ስሕተቱን በዚያው ስፍራ እንደ ተናገረ፣ ሽማግሌው ንብ አናቢ ዐርፈው ቀፎዎቹን ልጃቸው እንደ ያዘ፣ ባለቤታቸውም ከዚያ በሽታ ድነው ዛሬም ማኅሌተ ጽጌን እንደሚያስቀድሱ ንገሩልኝ።